የእናኑ ቅጠል

ዓመቱን ቁርጥ አድርጌ አላውቀውም። የተማሩት የስድሳ ስድስቱ ረሃብ ይሉታል። እኛ ዘንድ ግን ከዚያ ቀድሞ ነው የገባው፤ አንድ ክረምት ቀድሞ ይሁን ሁለት፣ አሁን ልማል ብል ውሸት ይሆንብኛል። ማሽላው ሳያሽት ደርቆ የቀረው መጀመሪያ ነው ወይስ ከብቱ ያለቀው፣ እሱም ተምታቶብኛል። ትምህርቴ ከቄስ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ከመመለስ ያለፈ አይደለም፤ ቀን መጻፍ የለመድሁት ከሸመገልሁ ወዲህ ነው። የሰውየውን ሱሪ ግን አስታውሳለሁ። የበርሜሎቹን ቀለም አስታውሳለሁ። የተናገራትንም ነገር፣ እንኳን ቃሏን፣ ሲናገራት ጥርሱን ይጎረጉርበት የነበረውን እንጨት ሳይቀር አስታውሳለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያስነሳኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከዋጃ ወደ ቆቦ በሚኒባስ ስመለስ አንዲት ልጅ እግር ሴት ከጎኔ ተቀመጠች። ጭኗ ላይ በፌስታል የታሰረ የጥብስ ቅጠል ይዛለች። መስኮቱ አይከፈትም፤ መኪናውን ሽታው ሞላው። «ምንድን ነው የያዝሽው የኔ ልጅ?» አልኋት፣ እያወቅሁ። «የእናኑ ቅጠል ነው አባባ፣ ለጥብስ የሚሆነው» አለችኝ። «እናኑ ደግሞ ማናት?» «እኔ እንጃ! ስሙ ነው፤ እናቴም እንዲሁ ነው የምትለው።» በሩ ላይ የቆመው ረዳት ጣልቃ ገብቶ «ድሮ የነበረች የሥጋ ቤት ሴትዮ ናት ይላሉ» አለ። እኔም ሳቅሁ። እናኑ ታላቅ እህቴ ናት። ሥጋ ቤት አልነበራትም። ያን ሰሞን የነበራት ሥጋ ከራሷ አጥንት ላይ የተረፈው ብቻ ነበር።

በደጉ ጊዜ ቤታችን ከዋጃ ዝቅ ብሎ ሜዳው ላይ ነበር። ማሽላው ሲያድግ ግመል ከነጭነቱ ገብቶ አይታይም። በስሙኒ የተገዛ እህል እኔንና እህቴን ስንት ቀን ያከርመን ነበር፤ ዛሬ ስሙኒዋን ራሷን የሚያውቃት ልጅ የለም። እናታችን ቀድማ ስለ ሞተች ያሳደገችኝ እናኑ ናት። የምትበልጠኝ በአራት ዓመት ቢሆን ነው፤ እሷ ግን «አንተን እኮ እኔ ነኝ የወለድሁህ» ትለኝ ነበር። ግራኝ ናት። ከማሽላው ላይ ወፍ ስንጠብቅ፣ ማማው ላይ ቆማ ወንጭፉን በግራ እጇ ስታሽከረክረው ጎረቤቱ ሥራውን ፈትቶ ያያታል። የአቡጀዲ ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ፣ ሹሩባዋን በቅቤ አርሳ፣ ወፎቹን በዘፈን እየተሳደበች ትውላለች። ግጥሙን ራሷ ናት የምትገጥመው፤ ግማሹ ስለ ወፎቹ ሆዳምነት፣ ግማሹ ስለኔ ስንፍና ነው። አሁን አሁን ዜማው ይመጣልኝና ቃሉ ይጠፋብኛል። ይህም አንዱ የተወሰደብኝ ነገር ነው፤ ማን እንደ ወሰደብኝ ደግሞ አውቃለሁ።

ነገሩ ሲብስ «ቆቦ እህል የጫነ መኪና ይመጣል» ተባለና ተነሳን። መኪና መንገዱን ይዘን ስንሄድ ከፊታችንም ከኋላችንም ሰው ነው፤ ማንም ማንንም አያናግርም። የምታወራው እናኑ ብቻ ነበረች። «ሞላ፣ እየሄድህ አትተኛ። ብትወድቅ ጥዬህ ነው የምሄደው፣ ነግሬሃለሁ» ትላለች። ይህን እያለች ደግሞ ክንዴን አልለቀቀችም።

ቆቦ ያን ጊዜ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚርመሰመስባት ከተማ አልነበረችም። ግራና ቀኝ የቆርቆሮ ቤት ተደርድሮ፣ መሃሏ ላይ የግራዝማች ታፈረ ሆቴል ነበር። ዛሬ ቦታው ላይ ባለ ፎቅ ቆሟል፤ ታች ሞባይል ይጠገናል። ያን ጊዜ ግን ከደሴ ወደ አስመራ የሚያልፈው ኤንትሬ የጭነት መኪና ሁሉ እዚያ ደጅ ነበር የሚቆመው። ሾፌሮቹ ቴትሮን ሸሚዝ ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር ሰክተው ይወርዳሉ። አሳላፊዎቹ ጸጉራቸውን አፍሮ አበጥረው፣ ቀሚሳቸው ከጉልበት በላይ ሆኖ፣ ትሪውን በአንድ እጅ ይዘው በረንዳውን ሲያቋርጡት መንገደኛው አንገቱን ያዞራል። ሸክላው ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል። ጥብስ በሽልንግ ነበር። ከበረንዳው ሥር ደግሞ፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ እስከ ወገብ የሚደርስ የጥብስ ቅጠል አጥር ነበር። ግራዝማች ችግኙን ከአስመራ ድረስ በሳጥን አስመጥቶ ነው የተከለው፤ ከወልድያ እስከ አላማጣ ከኔ በቀር የለም ይል ነበር። ሾፌሩ ሌላውን ሥጋ ቤት አልፎ እሱ ዘንድ የሚወርደው ለዚያ ሽታ ነው። አንዲት ዘለላ የቀነጠበ ሰው በዘበኛ ይመታል። ረሃቡ ሲገባ ሸክላውም አልቆመም፣ ጥብሱም አልቆመም። በቀን ሁለት ጊዜ አህያ አረንጓዴ በርሜል ውሃ ጭና ትመጣና ዘበኛው ያን አጥር ከሥሩ ያጠጣዋል።

እኛ ከሆቴሉ ትይዩ መንገድ ዳር ነበር የወደቅነው። እህሉ አልመጣም። ወንዙ ደርቋል፤ ውሃ እስከ ቀትር ተቆፍሮ ነው ጉድጓዱ ውስጥ የምትገኘው፣ ለመቆፈር ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል። እናኑ የቅጠሉን መጠጣት እያየች «ምነው እኔም አስመራ በተወለድሁ! ቀን ሁለቴ ያጠጡኝ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ተነሳች። ዘበኛው አጠጥቶ ዞር ሲል፣ በግንዱ ዙሪያ በተማሰው ጎድጓዳ ላይ ያቆረውን ውሃ በግራ እጇ እየጨለፈች ጠጣች። ሁለት ጊዜ ጨልፋለች። ሦስተኛውን አፏ አላደረሰችውም። ግራዝማች ነጭ ተነፋነፍ ሱሪውን እንደ ለበሰ፣ ጥርሱን በዚያው ቅጠል እንጨት እየጎረጎረ ከበረንዳው ጫፍ መጥቶ ቆመ። አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። «ይሄ ውሃ የቅጠሉ ነው» አለ። ለዘበኛው በአገጩ ጠቆመው። ዘበኛው ክንዷን ይዞ ጎትቶ መንገድ አሻገራትና አጠገቤ አስቀመጣት። እሷም ተቀመጠች። ሁለት ቀን እንዲሁ ተቀምጣ፣ በሦስተኛው ጧት ስጠራት ዝም አለችኝ። በሕይወቷ ዝም ያለችኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የምትገነዝበት ጨርቅ አልነበረም። ያን ጧት መንገድ ተሻገርሁና ከአጥሩ በሁለት እጄ መነጨሁ። ዘበኛው አየኝ፤ ፊቱን አዞረ። ከሌሎች ጋር በተማሰ ጉድጓድ ሲያስገቧት ፊቷን በዚያ ቅጠል ሸፈንሁት። አንዲት ዘንግ እጄ ላይ ቀረች። እሷን ጨብጬ የት እንደምሄድ ሳላውቅ ሄድሁ፤ ከከተማው ዳር ባለ ቤት አጥር ሥር ወደቅሁ።

ቤቱ የአንዲት ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿም አግብተው የወጡላት እስላም ሴትዮ ነበር። ሸምገል ያለች፣ ጥቁር ሻሽ የምታስር፣ ድምጿ ወፍራም ሴት ናት። «ያ ረቢ፣ ይሄ ደግሞ ቅጠል ታቅፎ ነው የመጣብኝ!» ስትል ሰማኋት። ከቁርቁራው ዛፍ ጥላ ሥር አስገባችኝና የማሽላ አጥሚት በጭልፋ አጠጣችኝ። አንድ ጭልፋ። ከዚያ ወሰደችው። ድስቱ ውስጥ እንዳለ እያየሁ ወሰደችው። «ጨምሪልኝ» አልሁ። «አልጨምርም» አለች። ከቆይታ በኋላ ደግሞ አንድ። ጠላኋት፤ ከግራዝማች እኩል ጠላኋት። በጎረቤት አንድ ሰው ዘመዶቹ አዝነውለት እስኪጠግብ አብልተውት እዚያው ሞቶ መቅረቱን የነገረችኝ በአምስተኛው ቀን፣ ቆሜ መሄድ ስጀምር ነው። ስትነግረኝም ድስት እያጠበች እንደ ዋዛ ነው።

እዚያው ቀረሁ። አጥር እያጠርሁላት፣ ውሃ እየቀዳሁላት፣ ዝናብ ሲመጣ ጓሮዋን እየቆፈርሁ። እማ እላት ጀመር። ሆዴ ውስጥ ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያ ሰው። ቤቱን ላቃጥል አሰብሁ፤ አሳላፊዎቹ ይቃጠላሉ። በድንጋይ ልበለው አሰብሁ፤ አንድ ጊዜ ወድቆ ይገላገላል። ከዚያ አንድ ቀን በደጁ ሳልፍ ለአንድ የሩቅ እንግዳ አጥሩን እያሳየ ሲኮራ አየሁት። እንደ ልጁ ነበር የሚዳብሰው። ልወስድበት የሚገባኝ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። አልነቅለውም። አበዛዋለሁ። በየሥጋ ቤቱ፣ በየጓሮው፣ በየበረንዳው እስኪያቅለሸልሸው አበዛዋለሁ።

በገበያ ቀን፣ ግርግር ሲሆን፣ በአጥሩ ባለፍሁ ቁጥር አንድ አንድ ዘለላ እቀነጥብ ነበር። አምጥቼ በእርዳታ ዘይት ጣሳ አፈር ሞልቼ ተከልሁት። አጠጣሁት። ጧት አጠጣዋለሁ፣ ቀትር ላይ ሲጠወልግ የመሰለኝ እንደሆነ አጠጣዋለሁ፣ ማታም አጠጣዋለሁ። ውሃ ያጣ ሰው ውሃ ካገኘ ሌላ ምን ያደርጋል? በሳምንት ከሥሩ ጠቁሮ እንደ በሰበሰ ጨርቅ በእጄ መጣ። እንደገና ተከልሁ። እንደገና በሰበሰ። በሦስተኛው ጣሳውን ወርውሬ ስቀመጥ፣ እማ ጉድጉድ እያለች መጥታ ጣሳውን አነሳችው፤ አሸተተችው።

«አሰመጥኸው እኮ» አለችኝ።

«ውሃ ሰጠሁት እንጂ ምን አደረግሁት?»

«አንተን በስንት ጭልፋ ነበር ያነሳሁህ?» አለችኝ። ከዚያ አጠገቤ ቁጭ አለች። «ጓሮዬ ያለውን አደስ ከዘንግ ነው ያበቀልሁት፤ ይሄም የሱ ወገን ነው። አበባ ያላወጣውን ዘንግ ቁረጥ፣ ስንዝር የማይሞላ። ከአንጓው በታች ቁረጠው። ከግማሽ በታች ያለውን ቅጠል ላጠው፤ አፈር የነካ ቅጠል ይበሰብሳል። የጓሮ አፈር ተው፤ ከሆርማት ወንዝ አሸዋ አምጥተህ እጠብ። የጣሳውን ቂጥ ብሳው። ከቁርቁራው ጥላ ሥር አስቀምጥና አንዴ አርጥበው። ከዚያ አሸዋው ደርቆ ከጣትህ ላይ እስኪራገፍ እንዳትነካው። ይሄ ቅጠል ጥም ነው የሚወደው።»

«ምን አልሽኝ?»

«ጥም ይወዳል አልሁህ። የደረሰው ግንድማ ከነጭራሹ ውሃ ባያይም ክረምት ከክረምት ይኖራል።»

 ጥም ይወዳል። አረንጓዴው በርሜል፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ አህያዋ፣ የጎድጓዳው ውሃ፣ ይሄ ውሃ የቅጠሉ ነው ያለው፤ ቅጠሉ ግን ውሃውን አልፈለገውም ነበር። ለቅጠሉ አስፈልጎት ቢሆን ኖሮ፣ ምንም ክፉ ቢሆን፣ አንድ የሚያዝበት ምክንያት ነበረው። አልነበረውም። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰውየውን የጠላሁት ይመስለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው የጠላሁት።

እንዳለችኝ አደረግሁ። ከወር በላይ ሲሆነው አንዱን በሁለት ጣቴ ሳብ ሳደርገው እምቢ አለኝ። ሥር ይዟል። ከሃያው ሦስቱ ብቻ ሞቱ። ሲያድጉ ከነሱ ቆረጥሁ፣ ከነሱ ልጆች ቆረጥሁ፣ ጓሮው በጣሳ ተሞላ። ከዚያ ማደል ጀመርሁ። ጎብዬ ላሉት ሥጋ ቤቶች ሰጠሁ፣ ዋጃ ሰጠሁ፣ ቆቦ ቤት ለቤት ዞርሁ። ዋጋ አልጠየቅሁም። አንድ ነገር ብቻ አስምላለሁ፤ «ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁሽ የጥብስ ቅጠል አትበይ። የእናኑ ቅጠል በይ።» ሴቶቹ ይስቃሉ። «ፍቅረኛህ ናት እንዴ ሞላ?» ይሉኛል። «እህቴ ናት» እላለሁ። ስሟ እንዲህ ገበያ ገባ። በግራዝማች ደጅ፣ በበረንዳው ሥር፣ ዘንቢል የያዙ ሴቶች «የእናኑ ቅጠል! የእናኑ ቅጠል!» እያሉ ሲያልፉ ቆሜ እሰማለሁ። ሾፌሮቹም የትም ወርደው ያንኑ ጥብስ ማግኘት ጀመሩ። የሱ ደጅ ላይ የሚቆሙ መኪኖች ከሳምንት ሳምንት ሳሱ።

አንድ ቀን እቤት ድረስ መጣ። ከዘራ ይዟል፣ ያው ነጭ ሱሪ ነው፣ ጉልበቱ ላይ ግን ተለጥፏል። ዘንግ የምቆርጥበትን ቢላ ይዤ ጣሳዎቹ መሃል ነበርሁ።

«አንተ ነህ ይሄን ቅጠል የምትበትነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ይቺ እናኑ የምትሏት ማናት? የት ነው ቤቷ? ላነጋግራት እፈልጋለሁ።»

 አንቱ ማለት እምቢ አለኝ። «ከቅጠልህ ሥር ውሃ ስትጠጣ ያስጎተትሃት ናት» አልሁት። «በሦስተኛው ቀን የሞተችው።»

ዓይኔን አየኝ። ማፈር የለ፣ መደንገጥ የለ። እውነቱን ነው የጠየቀኝ፣ ሊያስታውስ እየሞከረ ነው የጠየቀኝ። «የትኛዋ?» አለ።

እጄ ላይ ያለውን ቢላ ያን ጊዜ ነው ያወቅሁት። ከኋላዬ ግን የእማ ወፍራም ድምፅ መጣ። «ግራዝማች፣ በፀሐይ መጥተዋል፣ ውሃ ይጠጡ» ብላ በቅል ይዛ በመሃላችን ገባች። ጠጣ። እስከ መጨረሻው ጠጣ። አመስግኖ ሄደ።

ያን ቀን ያልተናገርኋት ነገር የለም። «ለሱ! ለሱ ውሃ ትሰጫለሽ? ምንሽ ነኝ እኔ?» አልኋት። ቅሉን እየደፋች «በኔ ደጅ ውሃ አይከለከልም፤ ለሰይጣንም ቢሆን» አለች። «ቢላህንም ወዲያ አርገው፣ ስትታሰር ስንቅ የማመላልስበት እግር የለኝም። ሰውየው ጠይቆህ ሄደ አይደል? የትኛዋ አለህ። ሂድና ንገረዋ።»

ሄድሁ። በየገበያው ቀን አንድ ዘለላ ይዤ ሄድሁ። በረንዳው ሥር እቆምና ድምፄን ከፍ ሳላደርግ እናገራለሁ። «የትኛዋ ብለኸኝ ነበር። ግራኝ ናት» አልሁና ዘለላውን ደረጃው ላይ አስቀምጬ ተመለስሁ። በሳምንቱ፣ «ወንጭፍ ስትወረውር ወፍ አትስትም።» በሳምንቱ፣ «ቅንድቧ ላይ የበሬ ቀንድ ያወጣት ጠባሳ አላት።» በሳምንቱ፣ «ጥንቅሽ ስትበላ ልጣጩን በጥርሷ አንድ ጊዜ ነው የምታወርደው።» መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ «እብድ ነው፣ አባሩት» አለ። ዘበኛው አላባረረኝም። ከዚያ በገበያ ቀን በረንዳ ላይ መውጣት ተወ፤ እኔ ለተዘጋው መስኮት ነገርሁት። ተመጋቢው ሹካውን አስቀምጦ ይሰማኝ ነበር። አንዳንዱ ሳይጨርስ ይነሳል።

አንድ ክረምት አልፎ ይሁን ሁለት፣ እንዲህ ቆሜ «ስትጠጣ በግራ እጇ ነበር የጨለፈችው፤ ሁለት ጊዜ» ስል ዘበኛው ብትሩን መሬት ላይ ጣለው። ሽማግሌ ሆኗል። ወደ መስኮቱ ዞሮ «ጌታዬ፣ ይቺን አውቃታለሁ» አለ። «እኔ ነኝ የጎተትኋት። ክንዷ እንደ አገዳ ነበር የቀለለኝ። ግራ ክንዷ ነው። ጌታዬም አይተዋታል፤ ሦስተኛውን ሳትጠጣ ነው።» መስኮቱ ተከፈተ። ግራዝማች ብቅ አለ። አፉ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የትኛዋ ግን አላለም። ከዚያ ወዲያ ብሎ አያውቅም።

በማግስቱ አጥሩን በቁፋሮ አስነቀለው። ከጥግ እስከ ጥግ፣ ከነሥሩ። መንገድ ላይ ተከምሮ ከተማው ሁሉ ሸተተ። ደስ አለኝ። ዛሬም ደስ ይለኛል፤ ለቄስም ነግሬዋለሁ፣ ንስሐ ግባበት ሲሉኝ እምቢ ብያለሁ። ሆቴሉ በኋላ ዘመን ሲለወጥ ተወሰደበት፤ እሱን ሌላ ሰው ነው ያደረገው፣ አልቆጥረውም። ሲሞት መላው ቅሬ፣ ዕድርተኛው ሁሉ፣ ለቀብር ሲወጣ እኔ አልወጣሁም። ጎረቤት ይህን አይረሳልህም፤ ሦስት ወር ማንም ለሥራ አልጠራኝም። ጣሳዎቼ መሃል ተቀምጬ ዘንግ ስልጥ ከረምሁ።

ሰው ሲጠይቀኝ በሕይወት ያቆየኝ በቀል ነው እል ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እህቴን ስናገር፣ ስሟን በሰው ሁሉ አፍ ላይ ስተክል፣ ቁጣዬ የሚበላው እህል ከየት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም። አጥሩ የተነቀለ ቀን እየዘለልሁ ስገባ እማ የሚበላ አቅርባ ቆይታኛለች፤ «እንግዲህ ብላ፣ ከጧት ጀምሮ አልቀመስህም» ነው ያለችኝ፣ ሌላ አላለችም። ስትሞት እኔ ነኝ ከልጆቿ ቀድሜ ቃሬዛዋን የያዝሁት። መቃብሯ ላይ ስም የለም፣ በነሱ ወግ አይጻፍም፤ በገበያም የሚጠራት የለም፣ እኔ ለማንም ነግሬ ስለማላውቅ። በጭልፋ ያነሳችኝ፣ ቢላውን ከእጄ ያስጣለችኝ፣ እስከ ዛሬ ያደረሰችኝ ሴት ጦይባ ትባላለች። ጦይባ ይመር።